ልጅ የሚላክበት ከተማ

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በቶኪዮ ባቡር የተሳፈረ እንግዳ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በሰማይ ጠቀሱ ሕንፃ ላይ አይደለም። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ተጣበው በቆሙበት መካከል፣ ጀርባውን የሚያህል ጠንካራ ቦርሳ የተሸከመ፣ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ቁመቱ ከአዋቂዎቹ ወገብ የማያልፍ ተማሪ ዘንጉን ይዞ ቆሟል። አጠገቡ እናት የለችም፤ አባትም፣ ሞግዚትም የለም። የሚወርድበት ጣቢያ ሲደርስ በሰዎቹ መካከል ሾልኮ ይወርድና መንገዱን ይቀጥላል። ዘወር ብሎ ያየው ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄንና የስድስት ዓመት ወንድ ልጄን ይዤ ሁለት ሳምንት በጃፓን ሰንብቻለሁ። ባለቤቴ ለስድስት ወር ሥልጠና ቶኪዮ ስለነበረ ማረፊያችን እርሱ የተከራያት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ልጆቹን ያጓጓቸው ካርቱኑ ነው። የፒካቹን አገር እናያለን ብለው ከቦሌ እስከ ኢንቾን፣ ከኢንቾን እስከ ናሪታ ዓይናቸውን አልከደኑም። እኔም ስለ ካርቱኑ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እጽፋለሁም። ነገር ግን ካርቱኑና ያ በባቡር ውስጥ የቆመው ተማሪ የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ሆነው ስላገኘኋቸው ለያይቼ መጻፍ አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የጃፓን የካርቱን ፊልም ጀግና ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ልጁም ብዙ ጊዜ ከቤት ወጥቶ ብቻውን ይሄዳል። ሀያኦ ሚያዛኪ በ1988 በሠራው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ውስጥ ሜይ የምትባል የአራት ዓመት ሕፃን፣ ሆስፒታል ለተኛችው እናቷ አንድ የበቆሎ እሸት ታቅፋ በእግሯ ትነሣለች፤ መንገድም ይጠፋባታል። በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ፊልም ደግሞ ኪኪ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ እንደ ወገኖቿ ልማድ ወላጆቿን ተሰናብታ በማታውቀው ከተማ በመጥረጊያ እየበረረች፣ ለሰው ዕቃ እያደረሰች ራሷን ታስተዳድራለች። የፖኬሞኑ ልጅ ከእናቱ ቤት ሲወጣ ዐሥር ዓመቱ ነው። ፖኬሞንን የፈጠረው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ በቶኪዮ ዳርቻ ከሜዳ ሜዳ እየዞረ ነፍሳት ይሰበስብ የነበረ ሰው ነው። ሜዳውና ኩሬው በሕንፃ ሲሸፈን ያየው ይኸው ሰው ያን የልጅነት ደስታውን በ1996 በወጣው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ውስጥ አስገባው። እንግዲህ ልጆቻችን አንገታቸውን ደፍተው በስልክ የሚያሳድዷቸው እነዚያ ፍጥረቶች የጠፋ ሜዳ ትዝታ ናቸው ማለት ነው። በየሠፈራችን የነበረውን ሜዳ ለምናስታውስ ለእኛ ይህ ለመረዳት አያስቸግርም።

በቶኪዮ ምዕራብ፣ ሚታካ በምትባለው ከተማ፣ በ2001 የተከፈተ የሚያዛኪና የባልደረቦቹ ሙዚየም አለ። ቲኬቱ በር ላይ አይሸጥም፤ ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጦ አስቀድሞ ይገዛል። ከገቡ በኋላ ግን «በዚህ በኩል» የሚል ቀስት የለም። ሕንፃው የተሠራው ጎብኚው መንገድ እንዲጠፋበት ታስቦ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል በመሆኑ ወላጆች ስልካቸውን ከተው ልጆቻቸውን ብቻ ሲያዩ ይውላሉ፤ ይህን ደንብ እኔ እጅግ ወድጄዋለሁ። ሁለቱም ልጆቼ ጠመዝማዛውን ደረጃ ይዘው ለሃያ ደቂቃ ያህል ከዓይኔ ተሰወሩ። ባለቤቴ «ተያቸው፤ የትም አይሄዱም» አለኝ። ሃያው ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ እናት የሆነች ታውቀዋለች።

የጋዜጣ ሰው ነኝና ስለ ሳዛኤ-ሳን ሳልጠቅስ አላልፍም። ማቺኮ ሀሴጋዋ የተባለች ሠዓሊ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ በ1946፣ በጋዜጣ ላይ የጀመረችው ባለ አራት ክፍል የሥዕል ቀልድ ነው፤ በጋዜጣ እስከ 1974 ቆይቷል። ሳዛኤ ከወላጆቿ፣ ከባሏ፣ ከልጇና ከታናናሾቿ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር ቀልደኛና ችኩል የቤት እመቤት ናት። በቴሌቪዥን ከ1969 ጀምሮ እሑድ ማታ ይታያል፤ በዓለም ረጅም ዘመን የቆየ የካርቱን ተከታታይ ተብሎም ተመዝግቧል። ሀሴጋዋ ከእኅቷ ጋር የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው መጽሐፎቿን ራሳቸው አሳትመዋል። በሳኩራ-ሺንማቺ ጣቢያ አጠገብ የሳዛኤ ቤተሰብ በነሐስ ተቀርጾ ቆሟል። ልጄ የሳዛኤን እጅ ጨበጠች፤ እኔ ግን በልቤ የጨበጥሁት የሠዓሊዋን እጅ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት፣ ስሙ በእኛ ቋንቋ «የመጀመሪያው መላክ» እንደ ማለት የሆነ የቴሌቪዥን ዝግጅት አየን። ከ1991 ጀምሮ የሚቀርብ ነው፤ መነሻው በ1977 የታተመ፣ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ወተት ልትገዛ ስትላክ የሚተርክ የሕፃናት መጽሐፍ ነው ይባላል። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ገንዘብ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎላቸው ዓሣ ወይም ጎመን ሊገዙ ይላካሉ። አንዱ በር ላይ ያለቅሳል፤ ሌላዋ የታዘዘችውን ትረሳለች፤ ሦስተኛው ጎመኑን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይመለሳል። ልጆቼ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ዓይኔ የፈለገው ካሜራውን የያዙትን ነው። እንደ አላፊ አግዳሚ ለብሰው በየጥጉ ተሸሽገዋል። መንገዱ አስቀድሞ ይጠናል፤ ባለ ሱቁና ጎረቤቱ እንዲያውቁ ይደረጋል። «ብቻውን ሄደ» የተባለው ሕፃን ከኋላው ስንት አዋቂ አለ!

ለመሆኑ ልጅ መላክ ለእኛ እንግዳ ነበርን? እኔ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ጨው፣ ክብሪትና ላምባ እየገዛሁ፣ በርበሬ የምታስፈጭ አክስቴን ወፍጮ ቤት ወረፋ እየያዝሁላት ነው ያደግሁት። የጎረቤት ሴትዮ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ምራቄ ሳይደርቅ ተመለሺ!» ስትል፣ ባዶ እግር መሮጥ ነው። የማይጠራን ደጅ አልነበረም፤ የማይቆጣንም አዋቂ አልነበረም። ዛሬ ልጄ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጧት የትምህርት ቤት ሰርቪስ ከደጅ ይወስዳታል፤ ማታ ደጅ ላይ ይጥላታል። በዘጠኝ ዓመቷ ቶኪዮን አይታለች፤ ከደረጃችን ሁለት መቶ ሜትር የማይርቀውን ዳቦ ቤት ግን ብቻዋን ሄዳበት አታውቅም ነበር።

ጃፓኖቹ ይህን እንዴት እንዳላጡት የነገረችኝ ጃፓናዊት አይደለችም። ከቶኪዮ በስተ ምሥራቅ፣ ካትሱሺካ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እሑድ ቀን እንጀራ ናፍቆን ወደዚያው ሄድን። ዮትሱጊ ጣቢያ ስንወርድ ግድግዳው በኳስ ተጫዋች ልጆች ሥዕል አጊጧል፤ የ«ካፒቴን ፁባሳ» ደራሲ ዮኢቺ ታካሃሺ የዚያው ክፍለ ከተማ ልጅ ነውና። በ1981 የተጀመረውን ይህን ታሪክ ዐረቦች «ካፒቴን ማጂድ» ብለው በቋንቋቸው አቅርበውት ስለነበር፣ እኔም በጎረቤት ዲሽ፣ አንድ ቃል ዐረብኛ ሳልሰማ፣ በልጅነቴ ተከትዬዋለሁ። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ኳሷ አንዴ ከተመታች ለመውረድ ሳምንት ይፈጅባታል! ልጆቼ እናታቸው ከእነርሱ በፊት የጃፓን ካርቱን ታይ እንደ ነበር ያመኑት በብዙ ክርክር ነው።

እዚያ የተዋወቅኋት እናት ማታ ማታ ታሽጎ የሚሸጥ ምሳ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ትሠራለች። ወንዱ ልጇ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ መዋዕለ ሕፃናት ትውላለች። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትል የሠፈሩ ሽማግሌዎች «አበበ!» እንደሚሏት ነገረችኝ፤ በ1964 አበበ ቢቂላ ከተማቸውን ሮጦ ሲያሸንፍ በልጅነታቸው ያዩ ናቸው።

«እውነት ብቻውን ይሄዳል?» አልኋት።

«እኅቴ፣ የመጀመሪያውን ወር በየምሰሶው እየተደበቅሁ ከኋላ ከኋላው ሄጃለሁ» አለችኝ። «በኋላ መምህሩ ጠራኝና ‹አንቺን ካየሽ እኛን አያምንም› አለኝ። ተውሁት።»

ቀጥላ እንዳስረዳችኝ፣ የተማሪው መንገድ እንዲያው ዝም ብሎ የሚሄድበት መንገድ አይደለም። ትምህርት ቤቱ መርጦ በካርታ ያስቀመጠው ነው። በብዙ ሠፈር የጎረቤት ልጆች ጧት አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ትልቁ ልጅ ከፊት ሆኖ በሰልፍ ይሄዳሉ። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ባለ መኪናው ከሩቅ እንዲለየው ቢጫ ባርኔጣ ያደርጋል፤ ቦርሳውም ቢጫ ልባስ ይደረግለታል። ማንገቻው ላይ ሲስቡት የሚጮህ ደወል ተንጠልጥሏል። በየመንገዱ በአንዳንድ ሱቅና መኖሪያ ቤት በር ላይ ልዩ ምልክት ተለጥፏል፤ ልጅ የፈራው ነገር ቢያጋጥመው ሮጦ የሚገባበት ቤት ነው፤ ባለቤቶቹ ወደውና ፈቅደው የተመዘገቡ ናቸው። በየመስቀለኛው መንገድ ትንሽ የፖሊስ ጎጆ አለች። ወደ ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደግሞ በሠፈሩ የድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይሰማል። ድምፅ ማጉያው ለመሬት መንቀጥቀጥና ለመሰለው አደጋ የተተከለ ነው፤ በየቀኑ መሥራቱ የሚፈተነው በዚያ ሙዚቃ ነው፤ ለልጆች ግን «ወደ ቤት ግቡ» ማለት ነው። እኛም ከሦስተኛው ቀን በኋላ በእርሱ እራት ማቅረብ ጀመርን።

«ባንዲራው ግን የእኛ ነው» አለችና ሳቀች። በማቋረጫው ላይ ቢጫ ባንዲራ ይዞ ልጆችን የማሻገር ተራ ለወላጆች ይደርሳል። ሌሊቱን ቆማ አድራ፣ ጧት ከፋብሪካው በቀጥታ መጥታ ባንዲራዋን ይዛ ትቆማለች። «አባቶችም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ዝርዝሩ ላይ የምትጻፈው ግን እናት ናት።»

ይህ ሥርዓት ከጥንት የነበረ እንዳይመስለን። በ1970 ዓመት ብቻ በጃፓን 16,765 ሰዎች በመኪና አደጋ ሞተዋል፤ ጊዜውን «የትራፊክ ጦርነት» ይሉታል። በ2023 ቁጥሩ 2,678 ነበር። በመካከሉ ብዙ ነገር ተሠርቷል፤ ከዚያ ሁሉ ግን ለዚህ ዓምድ አንባቢያት የሚጥመው አንዱ ነው። በ1959 የቶኪዮ አስተዳደር፣ ባል የሌላቸው፣ ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴቶችን ቀጥሮ ተማሪዎችን በየመንገዱ እንዲያሻግሩ አደረገ። አረንጓዴ ለብሰው ይቆሙ ስለነበር ሕዝቡ «አረንጓዴዋ እትዬ» አላቸው። ልጁ መንገድ ተሻገረ፤ እናቲቱም ደመወዝ አገኘች። ዛሬ በብዙ ቦታ ያ ሥራ ያለ ደመወዝ ወደ እናቶች ተራ ተመልሷል። ይህ እኔን ወደ ፊት መሄድ አይመስለኝም።

ስለ ምሳ ዕቃም ልናገር። የጃፓን አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ምሳቸውን የሚበሉት ትምህርት ቤት ነው፤ እየተራቡ ሳይሆን እየተጋገዙ፣ ነጭ ሽርጥ አድርገው ራሳቸው ያድላሉ። በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ግን ምሳ ዕቃ ከቤት ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ካርቱኑ ወደ ማዕድ ቤት የገባው። ሩዙ በፒካቹ ወይም በኪቲ መልክ ይድበለበላል፤ ዓይንና አፉ ከባሕር ቅጠል በመቀስ ይቆረጣል፤ ጉንጩ በካሮት ይቀላል። ውበቱ ያስደንቃል። ያቺ ወዳጃችን ግን «ሌሊቱን ሙሉ የሰው ምሳ ሳሽግ አድሬ፣ ጧት ደግሞ ለልጄ የድመት ጺም እቆርጣለሁ» አለችኝ። ልጇ የጓደኞቿን አይታ ለምናት ነው። ፍርፍራችንን በምሳ ዕቃ ቋጥረን የምንሸኝ እናቶች ድመት ባለመሥራታችን ልንጨነቅ አይገባንም ባይ ነኝ። በ1973 በጃፓን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተወልደዋል፤ በ2024 የተወለዱት 686 ሺህ ያህል ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የድመቱም ጺም ከመካከሉ ሳይኖርበት አይቀርም።

የልጆችን መመናመን በዓይኔ ያየሁት ኪዮቶ ውስጥ ነው። የሄድነው በ1964፣ ኦሎምፒኩ ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሥራ በጀመረው ፈጣን ባቡር መስመር ነው፤ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ወሰደብን። ልጆች በግማሽ ዋጋ ይሳፈራሉ። በከተማው መካከል ያለው የማንጋ፣ ማለትም የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ሙዚየም በ2006 የተከፈተ ሲሆን፣ በመደርደሪያው ላይ ማንም አንሥቶ የሚያነባቸው 50,000 ያህል መጻሕፍት አሉ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሕፃኑ በየደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ግቢው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ያነባል። የሚንቋቋውን የእንጨት ወለል እየረገጥሁ ሕንፃው ምን እንደ ነበር ጠየቅሁ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በ1869፣ መንግሥት የትምህርት ሥርዓት ከማወጁ ሦስት ዓመት በፊት፣ የኪዮቶ ነዋሪዎች በየሠፈራቸው 64 ትምህርት ቤቶች አቁመዋል፤ ይኸኛው ከእነዚያ አንዱ ነው። መዋጮው «የምድጃ ገንዘብ» ይባል ነበር፤ ልጅ ኖረውም አልኖረውም፣ በቤቱ እሳት የሚያነድድ ሁሉ ይከፍላል። ትምህርት ቤቱ በ1995 ተዘጋ፤ የሚማሩበት ልጆች አንሰው ከሌላ ጋር ተቀላቀለ። ልጆቼ በሥዕሉ ሲስቁ እኔ ያን ምድጃ ሳስብ ዋልሁ።

ኦሳካን ያየነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ብርሃንና ጫጫታ፣ ደግሞም ጥሩ ምግብ። ዶቶንቦሪ ላይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚሮጥ ሰው የሚታይበትን ዝነኛ የከረሜላ ፋብሪካ ማስታወቂያ አይቶ ታናሽየው «አበበ ነው?» አለኝ። አይደለም፤ ሯጩ ከ1935 ጀምሮ በዚያ የነበረ ነው። ነገር ግን አበበ በ1961 በዚያችው በኦሳካ ማራቶን ሮጦ አሸንፏልና የልጁ ጥያቄ ከእውነት ብዙም አልራቀም።

ወደ ቶኪዮ በተመለስን ማግሥት ልጄ «እማዬ፣ ወተቱን እኔ ልግዛ» አለች። ሱቁ ከቤታችን ሁለት ማዕዘን ዞር ብሎ ነው። እኔ «አይሆንም» ከማለቴ ባለቤቴ ሳንቲሙን አውጥቶ ሰጣት። ልጆቹ እንዳይሰሙን በሹክሹክታ ተጣላን።

«ቋንቋ አታውቅም!»

«ወተት ለማንሣት ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?»

«አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«ከዚህ የሚሻል የት አገር ልትለምድ ነው? ወይስ እስክታገባ ልትይዣት ነው?»

ሄደች፤ መልሱንና ደረሰኙን ይዛ መጣች። በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ጊዜ ተላከች፤ ሁለተኛውን ወንድሟን እጁን ይዛ። አረማመዷ ተለወጠ። ይህን እናት ካልሆነ ሌላ ሰው ላያየው ይችላል፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

አዲስ አበባ በገባን በመጀመሪያው ቅዳሜ ፌስታሏን አንጠልጥላ በር ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ዳቦ ልግዛ?» እዚያ የተፈቀደላት እዚህ የተከለከለበትን ምክንያት የማስረዳው እኔ ሆንሁ። ሰዓት ስጪኝ አልኋትና አስቀድሜ መንገዱን ራሴ ሄድሁበት። ከደረጃችን እስከ ዳቦ ቤቱ ሦስት ደጆች፣ ክዳን የሌለው አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ አንድ የጀበና ቡና የምታፈላ ሴት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ዘበኛ አሉ። ሦስቱንም ስማቸውን ጠይቄ የልጄን ስም ነገርኋቸው። ቡና የምታፈላው ሴት «እኔ ከዚህ አልነሣም፤ ላኪያት» አለችኝ። ዘበኛው አባባ በማግሥቱ ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ ጣሉበት።

ይህን በደረጃችን ላሉ እናቶች ሳጫውት፣ አንዷ «የጃፓንን ወሬ ተዪን፤ እኛ ጋ መኪና አይቆምም» አለች። እውነቷን ነው። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው አስፋልት የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም የለውም፤ ታክሲውም፣ ባጃጁም እንደ ልቡ ይነጉዳል። ሰባት ሆነን ማቋረጫው እንዲቀለም፣ ጉድጓዱም እንዲከደን ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ ጽፈናል፤ ፈርመንም አስገብተናል። እስካሁን መልስ አልመጣም። እስከዚያው ቅዳሜና እሑድ ጧት ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ለልጆቹ መሻገሪያ ተራ ገብተን እንቁም ወይስ አንቁም እየተመካከርን ነው፤ ባሎችም በተራው እንዲጻፉ ያልሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ዳቦ ትገዛለች፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ የሁለተኛው ፎቅ እትዬ «እግረ መንገድሽን» እያሉ ስኳር ያስገዟታል። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ገና ነው።